ማጣራት አያስፈልግም

ስልኩ ሲጠራ ወኒንግ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አላነሳችም። ብታነሳው የደረሰችበት ቦታ ይጠፋባታል፤ ስትቆጥር ደግሞ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በግራ እጇ ስልኩን ከወረቀቶቹ ሥር ፈልጋ አወጣችና በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጎጠችው።

«ንዱክ፣ ልጄ፣ ስንት ቀረው?»

ቡ ሙርቲ ሰላምታ የሚያስቀድሙት ለሌላ ሰው ነው። (በአገሩ ልማድ «ቡ» ለትልቅ ሴት፣ «ፓክ» ለትልቅ ወንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው።) ባላቸው፣ የወኒንግ መምህር ፓክ ዳርሶኖ፣ ካረፉ ወዲህ በየሐሙሱ ይደውላሉ፤ በየሐሙሱም የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነው።

«አንድ ናኖሰከንድ አይሞላም፣ ቡ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል።»

«አልሐምዱሊላህ! በባሌ መቶኛ ቀን! አየሽ፣ አውቆ ነው እኮ። አሁን ወፍጮ ቤት ነኝ፣ ለአፔም ቂጣው ሩዝ እያስፈጨሁ። ጸሎቱ አሥር ተኩል ነው፤ ከዚያ በፊት ኢማሙ ለሰው ሁሉ ይናገሩልኛል። ምን ብለው እንደሚናገሩ አንቺ ጽፈሽ አምጪልኝ። እኔ ስሙንም አልይዘው። ማይክሮ ምን ነበር?»

«ማይክሮሰከንድ።»

«እሱን። በትልቁ ጻፊው። ኢማሙ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነው የሚመጡት።»

ስልኩ ተዘጋ። ጣቷ እዚያው ነበር፤ አርባ ስምንተኛዋ ላይ።

ፕሮቲን እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ዶቃዎቹ አንድ በአንድ ተሰክተው ይጠቀለላሉ። ይህኛው የእፉኝት መርዝ ፕሮቲን ነው፤ የጎማ ዛፍ የሚያደሙ ሠራተኞችን ቅጠል ውስጥ ተኝታ የምትነድፈው የዚያች አጭር እፉኝት። መርዙ ሥጋ የሚበላው በአርባ ስምንተኛዋ ዶቃ ነው። ዶቃዋ ላይ አንዲት ሃይድሮጅን አለች፤ በግራ በኩል ልትቀመጥ ትችላለች፣ በቀኝ በኩልም። በሕይወት ያለ እባብ ውስጥ በአንዱ በኩል ብቻ ነው የምትቀመጠው። እዚህ ፋይል ውስጥ በሌላው በኩል ተቀምጣለች።

ነገሩ ይኸው ነው። ከውሃው፣ ከጨዉና ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ሁለት መቶ አርባ ሺህ አተም፤ ከዚያ ሁሉ አንዲት ሃይድሮጅን። ግን መርዙን ይይዛል የተባለው ከሥራሥር የወጣ የመድኃኒት ቅመም የሚጣበቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያሰላው ይህ ሁሉ በአንድ ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሺህ ናኖሰከንድ፣ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሃይድሮጅኗ በተሳሳተው በኩል ስለሆነች ቅመሙ ሙጫ እንደነካው ተለጥፎ አሥራ አራት ወር ሙሉ አልተነቃነቀም። ፓክ ዳርሶኖ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የወጣውን ሥዕል ስታሳያቸው፣ «ተመልከቺው፣ አይለቅም እኮ» ብለው ነበር፤ በጣታቸው እያሳዩ። በልክ ብትቀመጥ ይለቅ ነበር? ላይለቅም ይችላል። ማንም አያውቅም። ያ ሁሉ ስሌት ያልኖረ እባብ ስሌት ነው።

«አሁንም ጣትሽ እዚያው ነው? ስክሪኑን ልትበሺው ነው እንዴ?»

ፓክ ካስዲ ባልዲ ይዘው ገቡ። የኮምፒውተር ማዕከሉን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። የማቀዝቀዣው ውሃ ከጣሪያው እየተንጠባጠበ ከሰርቨሮቹ አጠገብ ይወርዳል፤ እሳቸው በቀን ሦስት ጊዜ ባልዲውን ይገለብጣሉ። ጠጋኝ እንዲላክ ከጻፉ ዓመት አልፏል።

«ፓክ ካስዲ፣ ያ ስሌት አሁን ቢቆም ምን ይሆናል?»

«ይቆማላ።»

«እውነቴን ነው።»

«እኔስ ውሸቴን ነው?» ባልዲውን አስቀመጡና አዩዋት። «ምነው? ፊትሽ ትናንት የተቀቀለ ሩዝ መስሏል። ዛሬ እኮ የድግስ ቀን ነው። እኔ ሸሚዜን አስተኩሻለሁ።»

በማዕከሉ ደንብ የሞተ ወይም የለቀቀ ሰው አካውንት በሠላሳ ቀን ይዘጋል፤ በውስጡ ያለ ስሌትም አብሮ ይቆማል። ፓክ ካስዲ ይህን ደንብ በሞተ ሰው ላይ ፈጽመውት አያውቁም፤ መቶ ቀን ይጠብቃሉ። የትም አልተጻፈም፤ የጠየቃቸውም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ከዋናው ግቢ የመጣ ተቆጣጣሪ ሲጠይቃቸው፣ «ሰው ቤቱን እስኪለቅ ጊዜ ይሰጠዋል» ብለው መለሱለት። ነፍስ እስከ መቶኛው ቀን ቤቷን ትዞራለች ይባላል፤ ፓክ ዳርሶኖ ደግሞ ከቤታቸው ይልቅ እዚህ ነበር የሚውሉት። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር መቶኛው ቀን ትናንት ነበር። ሰውየው ያረፉት ግን ማክሰኞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ በአገሩ አቆጣጠር ረቡዕ ነው። ስለዚህ ፓክ ካስዲ እስከ ዛሬ ጀምበር መጥለቂያ ሰጥተዋቸዋል።

«ምንም አልሆንኩም» አለች ወኒንግ። «እንቅልፍ ነው።»

«ሆላንድ አገር ስትማሪ እንቅልፍ አላስተማሩሽም?» አሉና ባልዲውን ይዘው ወጡ።

አራት ሰዓት ላይ ባሮቶ መጣ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ከእሷ አምስት ዓመት ቀድሞ እዚሁ ተመርቆ እዚሁ የቀረ። ወንበር ስቦ ሳይሆን ጠረጴዛዋ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ማመልከቻው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዋናው ውጤት የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ስሌቱ አሥር ሰዓት ነው የሚያልቀው።»

«አልቋል ብለሽ ጻፊ። ለአንድ ሰዓት ማን ይጠይቅሻል? አንድ ሙሉ ማይክሮሰከንድ! እንደኛ ባለ አሮጌ ማሽን ማን ሞልቶ ያውቃል? የሟቹን ስም ከፊት፣ ያንቺን ከኋላ። ኮሚቴው አልቅሶ ነው ሰዓት የሚሰጠን።»

ሰዓት ማለት የስሌት ሰዓት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዋናው ኮሚቴ ለየክፍሉ ይደለድላል። ባለፈው ዓመት ለእነሱ የደረሳቸው የፓክ ዳርሶኖ ስም ስላለበት ነው፤ ዘንድሮ ካጡ ክፍሉ ኮምፒውተር እንደሌለው ነው። የወኒንግም ኮንትራት የሚታደሰው በዚያው ነው። ከውጭ ያስመጧት ለስሌት ነውና ስሌት ከሌለ ለምን ይፈልጓታል?

«ባሮቶ፣ ፋይሉ ውስጥ ስህተት አለ።»

ነገረችው። አርባ ስምንተኛዋን ዶቃ በስክሪኑ ላይ አዙራ አሳየችው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አንድ ሃይድሮጅን» አለ።

«አንድ ሃይድሮጅን።»

«እንዳላየሽ ማለፍ አይቻልም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እናንተ ከውጭ የምትመጡ ሰዎች ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት የጣሪያውን ቀዳዳ ነው» አለ ባሮቶ፤ ተቆጥቶ አልነበረም። «እሺ፣ ስህተት ነው እንበል። የማን ስህተት ነው? የእሳቸው። ሰውየው ሞተዋል። በሞተ ሰው ላይ ጣት ልትቀስሪ ነው? በመቶኛው ቀን? ለቡ ሙርቲ አንቺው ንገሪያቸው እንግዲህ፣ እኔ የለሁበትም።» ከጠረጴዛው ወረደ። «ዘጠኝ ሰዓት።»

ከሄደ በኋላ ወኒንግ ቁልፍ ይዛ ወደ ፓክ ዳርሶኖ ቢሮ ወጣች። የምትፈልገውን ታውቃለች፤ በመፈለጓም ታፍራለች። የእሳቸው ስህተት መሆኑን በዓይኗ ማየት ፈለገች።

ፓክ ዳርሶኖ በእርሳስ ይቆጥሩ ነበር። ማንኛውም ፋይል ወደ ስሌት ከመግባቱ በፊት በካሬ ወረቀት ደብተር የፕሮቲኑን ሃይድሮጅኖች አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ እያንዳንዷን በስክሪን አይተው በእርሳስ ምልክት ያደርጉባታል። ዘጠኝ መቶ፣ ሺህ፣ ቢሆንም። ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ተማሪዎች «የመንደር ቆጠራ» ይሉታል። እሷም ከሆላንድ በተመለሰች በወሩ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ፓክ፣ ይህን እኮ ፕሮግራሙ በሁለት ሰከንድ ይሠራዋል» ብላቸው ነበር። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። «ፕሮግራሙ ሲሳሳት ማን ይነግረዋል?» አሉ። ያኔ መልሱ የሽማግሌ ወግ መስሏት ነበር።

ደብተሮቹ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል። የመጨረሻውን አወጣች። ገጾቹ በጥቃቅን የእርሳስ ምልክቶች ተሸፍነዋል፤ አልፎ አልፎ ምልክት ተፍቆ፣ «እንደገና እይ» ተብሎ ተጽፏል። አርባ ስምንት ላይ ያለፉትን ክፍት ቦታ፣ በድካም የዘለሉትን፣ እየፈለገች ገለጠች።

የእፉኝቷ ፕሮቲን ገጽ መጣ። ከላይ ስሙና ቀኑ አለ። ከሥሩ ገጹ ነጭ ነው። አንድም ምልክት የለበትም። መሃሉ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈታቸው አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል።

«ወኒንግ ያዘጋጀችው ነው፤ ማጣራት አያስፈልግም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ረስታው ነበር። ጨርሳ ረስታው ነበር። ሆላንድ ሳለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ነው፤ ከመስኮቷ ውጪ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ፓክ ዳርሶኖ ደብዳቤ ላኩላት፤ ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፣ ፋይሉን ብታዘጋጅላቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠችበት። ፕሮግራሙ በያንዳንዷ ዶቃ ላይ ሃይድሮጅኗ በየት በኩል ትሁን እያለ ይጠይቃል፤ ካልመረጡለት ራሱ ይመርጣል። እሷ ለሁሉም «እሺ» እያለች አለፈች። ከዚያ ላከችላቸው። የላከችውን መልእክት አትመው በዚያው ገጽ ጀርባ ለጥፈውታል። «ፓክ፣ ተዘጋጅቷል። ሁሉም ተጣርቷል።»

ሁሉም ተጣርቷል ያለችው እሷ ናት። ሰውየው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ እርሳሳቸውን አስቀመጡ፤ እሱም ለእሷ ብለው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር ሳይክሏን ከቡ ሙርቲ ቤት ኋላ አቆመች። ደብተሩን በቦርሳዋ ይዛለች። ለኢማሙ የምትሰጠውን ወረቀት አልጻፈችም።

ጓሮው በሴቶች ተሞልቷል። የሠፈሩ ሴቶች ከንጋት ጀምረው ሲረዱ ነው የዋሉት፤ ግማሹ ኮኮናት ይፍቃል፣ ግማሹ የተጣበቀ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል። አፔም የሚባለው የሩዝ ቂጣ በሸክላው ላይ እያበጠ ይነሣል።

«ሆላንዷ መጣች!» አለች አንዷ። «ኮኮናት ትፍቂያለሽ ወይስ ማሽን እስኪመጣ እንጠብቅ?»

«ተያት፣ ዶክተር ናት። ጣቷን ትፍቀዋለች።»

«ለዚህ ነዋ ባል ያጣችው፤ ኮኮናት የማይፍቅ እጅ ማን ይፈልጋል?»

ሳቁ። ወኒንግም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ቡ ሙርቲ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡና ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። የፓክ ዳርሶኖ አልጋ የነበረበት ክፍል ምንጣፍ ተነጥፎበታል።

«ጻፍሽው? አምጪ።»

«ቡ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«መቀመጫ ጊዜ የት አለኝ? ዶሮው ገና አልበሰለም።» ግን ተቀመጡ። ፊቷን አይተው ነው መሰል፣ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። «ልንገርሽ ንዱክ። በየሐሙሱ የምደውልልሽ ነገሩ ገብቶኝ መሰለሽ? አይገባኝም። ግን አስቢው፤ ልብሱን ለወንድሙ ልጅ ሰጠሁ። ጫማውን ሰጠሁ። የጡረታውን ጉዳይ ጨረስኩ። ስለዚያ ሰው ‹ገና ነው፣ ይቀረዋል› የምለው ነገር ያ ማሽን ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንቺ ያልቃል ስትይኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ደውዬ ምን ልላት ነው? አልኩ።»

ወኒንግ ደብተሩ ያለበትን ቦርሳ ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«ቡ፣ ስሌቱ ልክ አይደለም።»

«አያልቅም?»

«ያልቃል። ግን መነሻው ስህተት ነው። ዋጋ የለውም። ስህተቱ የእኔ ነው። ፋይሉን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ፤ አጣርቻለሁ አልኳቸው፤ አላጣራሁም ነበር።»

ከጓሮው የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። ቡ ሙርቲ ጣታቸው ላይ የደረቀውን የሩዝ ሊጥ ይልጡ ጀመር።

«ዓመት ሙሉ» አሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ‹ሙርቲ፣ ይህን ሳልጨርስ አልሄድም› እያለ።» የላጡትን ሊጥ በመዳፋቸው ያዙ። «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ባሮቶ ስህተት መኖሩን ያውቃል። የእሳቸው ነው የሚመስለው። የእኔ መሆኑን የማውቀው እኔና እርስዎ ነን።»

«ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?»

«ካልፈለገው አያየውም።»

«እንግዲያስ ዛሬ ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ ወኒንግ ግን የጮኹባት ያህል ደነገጠች። «ነገ ብትነግሪኝ? ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ? ይህን አንድ ቀን ብትተዪልኝ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእሳቸው ስም ልልከው ነበር። ዝም ብዬ ከላክሁት ነገም አልነግርዎትም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ይህን ስትል እውነቷን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እውነቱን የምታወጣው ለሰውየው ክብር ነው ወይስ ለራሷ እንቅልፍ? እዚያ አገር ስህተትን መናገር ንጽሕና ነው ብለው አስተምረዋት ነበር። እዚህ ግን ያደፈውን ውሃ የደፋችው በሌላ ሰው ደጅ ላይ ሆነ።

«እሱ አውቆ ነበር?»

«አላወቁም።»

«በምን አወቅሽ?»

ደብተሩን አወጣችና ገጹን ገልጣ ሰጠቻቸው። ቡ ሙርቲ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት፤ መነጽራቸው ወጥ ቤት ነው። «አንብቢልኝ» አሉ።

«ቡ...»

«አንብቢልኝ አልኩሽ።»

«ወኒንግ ያዘጋጀችው ነው፤ ማጣራት አያስፈልግም።»

«እንደገና።»

እንደገና አነበበችው። ቡ ሙርቲ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ቀስ እያሉ ነቀነቁ፤ ቃሉን ሳይሆን ድምፅ የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ለእሷ ፍርድ የሆነው መስመር ለእሳቸው አዲስ የተሰማ የባላቸው ቃል ነበር። ከመቶ ቀን በኋላ የመጣ።

«የእኔን ወጥ እንኳ ሳይቀምስ አይበላም ነበር፣ ጨው በዝቷል ብሎ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንቺን አመነሽ።»

ደብተሩን ዘግተው መለሱላት።

«ውሰጂው። እዚህ ምን ያደርግልኛል? የሚቆጥር ሰው የለ።» ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጧት ቆሙ። «እንደገና ቢጀመር ስንት ይፈጃል?»

«አሥራ አራት ወር።»

«ኢማሙ ስሙን ብቻ ይጥሩ፣ ሌላ ምንም አይበሉ» አሉ እየወጡ፤ ለማን እንደተናገሩት ግን አልታወቀም። ከሳቸው በኋላ ወኒንግ በጓሮው ስታልፍ ሴቶቹ አልቀለዱባትም። ለሄደ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ጥቅል ምግብም ማንም አላስያዛት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከማመልከቻው ፊት ተቀምጣለች። ዋናው ውጤት በሚለው ሳጥን መጀመሪያ፣ «በመነሻው ፋይል ዝግጅት ላይ በተገኘ ስህተት ምክንያት ውጤቱ አይቀርብም» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ንጹሕ ነው። ማንም የሠራው አይመስልም፤ በራሱ የተገኘ ስህተት ነው። አንብቦ የጨረሰ ሰው ሁሉ ግን ስህተቱ የፓክ ዳርሶኖ ነው ብሎ ያስባል።

አጥፍታ እንደገና ጻፈች። «የመነሻውን ፋይል ያዘጋጀሁት እኔ ወኒንግ ነኝ። ሳላጣራ አጣርቻለሁ ብዬ ላክሁ። ፓክ ዳርሶኖ በቃሌ አምነው ሠሩ። ስሌቱ ከመጀመሪያው እንዲደገም፣ ለእኔ የተመደበው ሰዓት ለዚሁ እንዲውል እጠይቃለሁ።» ላከችው።

ባሮቶ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

«አብደሻል?»

«አንብበኸዋል?»

«የራስሽን ሰዓት? የራስሽን ሥራ በምን ልትሠሪ ነው? ሰኔ ላይ ኮንትራትሽ ሲመጣ እኔ ምን ብዬ ልከራከርልሽ?»

«አላውቅም።»

«እሳቸው ይህን ይፈልጉ ነበር ብለሽ ነው?»

«እሱንም አላውቅም» አለችና ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ፓክ ካስዲ የተተኮሰ ባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው መጡ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘዋል። ወደ ጸሎቱ ከመሄዳቸው በፊት ሺህ ሲሞላ ማየት ፈልገዋል። አጠገቧ ቆሙ። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ ሺህ ሆነ። ከግድግዳው ማዶ ሁለት ማሽኖች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማቀዝቀዣው ብቻ ይንጠባጠባል።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«አላህ ይማራቸው።» ሻዩን አቀበሏት። «ታዲያ ምነው?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጠጡ ሰሙ።

«እኔ እንግዲህ መቶ ቀን ሙሉ ባልዲ የገለበጥኩት ለስህተት ነው» አሉ። ሊቀልዱ ሞክረው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «ብትነግሪኝ ጠዋት አቆመው ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

«አትመጪም?»

«አልመጣም። ዛሬ ባያዩኝ ይሻላል።»

አልተከራከሩም። «ስመለስ አካውንታቸውን እዘጋለሁ። ጀምበር ሳትጠልቅ። አዲሱ ስሌት በማን ስም ይከፈት?»

«በእኔ። ግን ዛሬ አይደለም። ፋይሉ ገና ነው።»

«መቼ?»

«ሳጣራው።»

የሞተር ሳይክላቸው ድምፅ ራቀ። ወኒንግ ፕሮቲኑን ከመጀመሪያው ዶቃ ላይ ከፈተችው። አርባ ስምንተኛዋን ጠዋት አስተካክላታለች፤ ፕሮግራሙንም ጠይቃው ነበር፤ በሁለት ሰከንድ ሁሉም ልክ ነው ብሏታል። ደብተሩን ዘረጋች። ነጩ ገጽ ላይ መስመሩ እንዳለ ነው። አልፋቀችውም፤ አልሰረዘችውም። ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ እዚህ ሲውሉ የተዉትን የፓክ ዳርሶኖን አጭር እርሳስ አወጣች፤ ጫፉ ላይ የጥርሳቸው ምልክት አለ።

ከመስመሩ ሥር ቁጥር አንድ ብላ ጻፈች። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የመጀመሪያዋን ሃይድሮጅን ፈለገች፣ አገኘቻት፣ ከየትኛው አተም ጋር እንደተያያዘች አየች፤ ዞር አድርጋ በሌላውም ጎን አየች። ከዚያ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደረገችባት።

ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ቀራት።